ፖምፓውን ከማስፈታትዎ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ፒክአፓቸው የጻፉትን አየሁ። ሃይሉክሳቸው ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ከሸዋ ሮቢት ጭነው ወደ ጣርማበር ሲወጡ ግን ደብረ ሲና ሳይደርሱ መለገም ይጀምራል። ጋራዥ ወሰዱት፤ «ፖምፓው አልቋል» ተባሉ፤ ናፍጣ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለት ነው። ፖምፓው ተፈታ፣ ታደሰ፣ ተገጠመ፣ ተከፈለ። መኪናው አሁንም እዚያው ዳገት ላይ ይለግማል። በደብዳቤያቸው መጨረሻ «ሸጬው ልገላገል ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል።

ወንድሜ፣ አይሽጡት። ገና ያልታየ ብዙ ነገር አለ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የምኖር ነጋዴ ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም አወጣለሁ፤ ከደጋው ድንች አወርዳለሁ፤ አንዳንዴም መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ እዘልቃለሁ። መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ናት። 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው ያላት፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባላት ቱርቦ የላትም። የሚነዳት የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ድምፅ አዳምጣለሁ። ከእሱ ጆሮ የእኔ ይቀድማል ስል ይኮርፋል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ሴት የመኪና ባለቤት ጋራዥ ስትገባ የሚነገራት ነገር አጭር ነው። «እማማ፣ ፖምፓ ነው።» አለቀ። እኔም በአንድ ጋራዥ እንደዚሁ ተብያለሁ። «በምን አወቅክ?» አልኩት። «ድምፁ ይናገራል» አለኝ። «እንግዲያው እኔም የሚናገረውን እንድሰማ አሳየኝ» ስለው ሌላ መኪና ሥር ገባ። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። ጋሼ ነው የምለው። የእሱ ደንብ አንድ ነው። ናፍጣ ከታንኩ ተነስቶ ፖምፓው እስኪደርስ ያለውን መንገድ በሙሉ ሳያይ ፖምፓ አይነካም። እኔም በዚህ ደብዳቤ የምለው ይህንኑ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ። ርካሹ ነገር ይቅደም፤ ውዱ ይቆይ። ፖምፓ ማሳደስ የበሬ ዋጋ ሊያስወጣ ይችላል። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ቱቦዎች፣ ማሰሪያዎች፣ የናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮና ክዳን ሁሉ ተደምረው ግን አንድ በግ አያስሸጡም።

መጀመሪያ ለምን ዳገት ላይ ብቻ እንደሚለግም እንረዳ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ያን ሁሉ ዳገት ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ላይ የሚበቃው እዚህ አይበቃም። ፊልትሮው ግማሹ ቢደፈን ሜዳ ላይ ማንም አያውቅበትም። ዳገት ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚደክም መኪና በአብዛኛው ናፍጣ በበቂው አይደርሰውም ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ጭሱን ይዩ። ናፍጣ ያጠረው ሞተር ጥቁር ጭስ አያወጣም። ዝም ብሎ ይደክማል። ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚደክም ከሆነ ያጠረው አየር ነው፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው አቧራውን ይመልከቱ። ደግሞ ጣርማበር ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሲሶ ያህሉ የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ትንሽ ቢያጨስ አይደንግጡ።

እግረ መንገዴን፦ «ጉልበት እንድትጨምር» እያሉ ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መጠን መወሰኛ ቡሎን የሚያጠብቁ ልጆች አሉ። አየር በሌለበት ናፍጣ ቢጨመር ጭስ ይጨምራል፣ ሞተር ይግላል፣ ኪስ ይራገፋል። ጉልበት ግን ከየት ይመጣል? እጃቸውን ያስመልሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ከታንኩ ክዳን ይጀምሩ። ቀልዴን አይደለም። ናፍጣ ከታንኩ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየሩን የምታስገባው ክዳኑ ላይ ያለች ትንሽ መተንፈሻ ናት። እሷ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ አየር ያጥራል፤ ፖምፓው ቢስብ ቢስብ ናፍጣ አይመጣለትም። መኪናው በደከመበት ቦታ ጥግ ያስይዙት። ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ጆሮዎን አስጠግተው ክዳኑን ይክፈቱ። «ፍስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባና መኪናው ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ከወጣ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

አንድ ድንች የሚጭን ደንበኛዬ በዚህ ነገር ክረምቱን ሙሉ ተሰቃይቷል። ፊልትሮ ቀየረ፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ኢንጄክተር አስፈተሸ። ጋሼ ክዳኑን ከፈተና ከሥሩ አንድ ፌስታል አወጣ። ሰማያዊ ፌስታል፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣ በክዳኑ ጥርስ ቅርፅ የተቆረጠ። ረዳቱ ናፍጣ በኩርባ ላይ እየፈሰሰ ሲያስቸግረው ያደረገው ነው። ናፍጣው መፍሰሱን አቆመ፤ አየሩም መግባቱን አቆመ። ይህን ፌስታል ብዙ መኪና ላይ ያገኙታል። የጠፋውን ክዳን በጨርቅ የሚወትፉም አሉ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጣጣው ይኸውላችሁ። ጨርቁ ይበጣጠስና ቁራጩ ታንኩ ውስጥ ይወድቃል። ከጀሪካን ሲቀዱ ማጥለያ ብለው የሚያደርጉት ጨርቅም እንደዚሁ። ዳገት ላይ ስቡ ሲበረታ ቁራጩ ሄዶ የመሳቢያው ቧንቧ አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ይጠፋል። ሰውዬው ወርዶ ኮፈን ይከፍታል፣ ያያል፣ ስልክ ይደውላል። በዚህ መሃል ስቡ ስለቆመ ጨርቁ ይወርዳል። ቁልፍ ሲመታ መኪናው ይነሳል። ሰውዬው ጸሎቴ ተሰማ ብሎ ይሄዳል። ቀጣዩ ዳገት ላይ እንደገና። ቆም ብሎ «የሚሻለው» መኪና ካለዎትና ክዳኑ ሲከፈት ፍስ ካላለ ይህን ይጠርጥሩ። ከፊልትሮው ላይ የታንኩን ቱቦ ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በእጅ የጎማ መንፊያ ወደ ታንኩ ይንፉ። ሌላ ሰው ክዳኑ ጋ ቆሞ ያዳምጥ። ቡልቅ ቡልቅ ሲል በደንብ ከተሰማ መንገዱ ክፍት ነው። ታፍኖ ከቆየና በድንገት ከለቀቀ የሆነ ነገር ነበረበት፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። የጋራዥ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ግፊቱ ለዚህ ሥራ በዝቷል።

ቀጥሎ ውሃ። ለእኛ አገር ብርድ ይህ ትልቁ ነገር ነው። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ ውሃው ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ አለ። በእጅ ብቻ ነው የሚላላው፤ በፒንሳ ከነኩት ይሰበራል። ከሥሩ የሃይላንድ ላስቲክ ያድርጉ። ማፍሰሻውን ያላሉት፤ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ጥቂት ጊዜ ይጫኑ። ሩቡን ያህል ሲሞላ ይዝጉ። ከዚያ ላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ቡናዎን ይጠጡ።

ተመልሰው ሲያዩት ወሬው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ደህና ናፍጣ ከሆነ ከላይ እስከ ታች ጠራ ያለ ቢጫ ነው፤ በብርሃን ሲያዩት ጣትዎ በወዲያኛው በኩል ይታያል። ውሃ ካለው መሃል ላይ ጥርት ያለ መስመር ይታያል፤ ከሥር ያለው ነጣ ያለ ነው፣ ላስቲኩን ሲያዘነብሉት መስመሩም አብሮ ይዘነበላል። ከታች ቡናማ ደለል ከተኛ የታንኩ ዝገት ነው። ጥቁር ልጋግ ነገር ካዩ ደግሞ ውሃው ቆይቷል ማለት ነው፤ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ የሚራቡ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፣ ልጋጉ የእነሱ ነው። ያ ልጋግ ፊልትሮ ይደፍናል። አዲስ ፊልትሮ አድርገው ብዙም ሳይቆይ ከተደፈነ ፊልትሮውን አይስደቡት፤ ታንኩን ያሳጥቡ። የእኔዋ ሃይሉክስ ፊልትሮው ውሃ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ታበራለች። የብዙ አሮጌ መኪና መብራት ግን ተቃጥሎ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ስለሚገኝ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

ውሃው ከየት መጣ? ግማሽ ጎዶሎ ታንክ ደብረ ብርሃን ላይ ሲያድር፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ታንክ ሞልቶ ማሳደር መድኃኒቱ ነበር። ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ይህን ምክር መስጠት ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው። ክረምት ላይ ደጅ የተቀመጠ ጀሪካንም ውሃ ያመጣል። የማደያው ነገርም አለ፤ እመለስበታለሁ።

ፊልትሮ ሲቀይሩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቶሎ እንዲነሳ ብለው አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን በመሃሉ ቀዳዳ የሚሞሉ አሉ። የመሃሉ ቀዳዳ የተጣራው ናፍጣ መውጫ ነው። በእሱ የገባ ቆሻሻ ሳይጣራ ቀጥ ብሎ ፖምፓው ውስጥ ይገባል። ባዶውን ይግጠሙትና በእጅ መግፊያው ይሙሉት። ትከሻ ያደክማል፤ ይድከም።

ያ የእጅ መግፊያ ራሱ ምስክር ነው። ሲጫኑት ቀስ በቀስ ከጠነከረና እምቢ ካለ ናፍጣ ሞልቷል። ጭነው ሲለቁት ወደ ላይ መመለስ ካቃተው፣ ወይም በጣም ዘግይቶ ከተመለሰ፣ ከታንኩ በኩል የተደፈነ ነገር አለ። ቢጫኑት ቢጫኑት ለስልሶ ከቀረ ደግሞ አየር ይስባል።

አየር የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እዚህ ላይ ልቆይ። በእኛ ዓይነት አሮጌ ሞተር ናፍጣውን ከታንክ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው። ታንክ ውስጥ የሚገፋ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው ቱቦ በሙሉ የሚሳብ ነው። የሚሳብ ቱቦ ሲሰነጠቅ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ያስገባል። በተቀደደ ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት እንደመሞከር ነው። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ እርጥብ ቦታ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «ቱቦው ደህና ነው፣ ፖምፓ ነው» ብሎ ይነሳል።

የእኔ መኪና ችግር ይኸው ነበር። ከታንኩ የወጣው የጎማ ቱቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ከኋላ ጎማ በላይ። ጋሼ ቱቦውን ሳይነቅል በሁለት ጣቱ አጠፍ አደረገው። ጭቃው ሲረግፍ በብረት ማሰሪያው ጠርዝ ልክ የተሰነጠቀ ነገር ታየ። ፀጉር አይገባበትም። ሲለቀው ተመልሶ ይገጥማል፣ ምንም አይታይም። መኪናው ዳገት ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን ይከፈት ነበር። ጫፉን ቆርጦ፣ ቱቦውን ገፋ አድርጎ፣ በአዲስ ማሰሪያ አሰረው። የተከፈለው የማሰሪያው ዋጋና የጋሼ ቡና ነው። ከሳምንት በኋላ ቱቦውን በሙሉ አስቀየርኩት፤ አንድ ቦታ የተሰነጠቀ ጎማ ሌላ ቦታ ለመሰንጠቅ ተራ ይዟል።

ቤት ሆነው አየርን የሚፈትኑበት መላ አለ። መኪናው ጠዋት አልነሳ ካለ ማታ አቋቋሙን ይለውጡ። አንድ ሌሊት አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ ሌላ ሌሊት ወደ ቁልቁለት አድርገው ያሳድሩት። ወደ ዳገት ሲያድር ታንኩ ዝቅ ይላል፤ ቱቦው አየር ካስገባ ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለስና ጠዋት ሞተሩ ጋ ባዶ ይሆናል። ወደ ቁልቁለት ያደረው ቶሎ ተነስቶ ወደ ዳገት ያደረው ካስቸገረ አየር ነው። ከኢንጄክተሮቹ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎችም ይህን ያመጣሉ፤ እነሱንም ይዩ።

ጠዋት አለመነሳት ሁሉ ግን የናፍጣ መንገድ ችግር አይደለም። ቁልፍ እየመቱ ጭስ ማውጫውን የሚያይ ሰው ከኋላ ያቁሙ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ያልነደደው ስለበረደው ነው፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ያስፈትሹ። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ፖምፓው ላይ ያለችውን የኤሌክትሪክ መዝጊያ ያዳምጡ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ሲያበሩት «ጠቅ» ትላለች። ጠቅ ካላለች ፊውዙንና ሽቦውን ይዩ። መብራት ካልደረሳት የናፍጣውን በር አትከፍትም። በአንዲት የተቆረጠች ሽቦ ምክንያት ፖምፓ የተፈታበት መኪና አውቃለሁ።

አሁን ዋናውን ፈተና ልንገርዎ። ማንም ሰው «ፖምፓ ነው» ሲልዎ ይህን ይጠይቁት። የታንኩን መንገድ በሙሉ ቆርጦ በጀሪካን ያስነሳልዎ። ንጹሕ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ በደንብ የተጣራ ናፍጣ፣ ሁለት ንጹሕ ቱቦ። አንዱ ቱቦ ከጀሪካኑ ወደ አዲስ ፊልትሮ፣ ሌላው ከፖምፓው የሚመለሰውን ወደ ጀሪካኑ። ወደ ፖምፓው የሚገባው ቱቦ በውስጡ የሚያሳይ ከሆነ በጣም ጥሩ፤ አረፋ ካለ በዓይንዎ ያዩታል። ጀሪካኑ ከሞተሩ ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ በደንብ ይታሰር። መካኒኩ ራሱ አንድ አጭር ዳገት ይሞክረው። መኪናው በጀሪካን ናፍጣ ደህና ከሠራ ፖምፓው ነፃ ነው። ችግሩ ከኋላ ነው፤ ክዳን፣ ታንክ፣ ቱቦ፣ አሮጌው ፊልትሮ። በጀሪካኑም ከደከመ ያኔ ስለ ፖምፓና ኢንጄክተር እናውራ። ይህ ፈተና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የማይፈልግ ጋራዥ ምክንያቱን ይናገር። ይህን በቤንዚን መኪና ላይ እንዳትሞክሩት! ቤንዚን በኮፈን ሥር በጀሪካን ማንጠልጠል ራስን ማቃጠል ነው።

ፖምፓ አይሞትም እያልኩ አይደለም። ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ደህና የሚነሳ፣ ከጋለ በኋላ ግን አልነሳ የሚል፣ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ሲያቀዘቅዙት የሚነሳ መኪና ካለዎት ፖምፓው ውስጡ ተበልቷል ብለው ይጠርጥሩ። ናፍጣ ከራሱ ከፖምፓው አካል የሚያፈስም እንደዚሁ። ያኔም ቢሆን ፖምፓው በመለኪያ ማሽን ላይ ይሰቀል፤ ከመፈታቱ በፊት ስንት ይሰጥ እንደነበር፣ ከታደሰ በኋላ ስንት እንደሚሰጥ ተጽፎ ይሰጥዎ። ያለ ማሽን በዓይን ግምት የታደሰ ፖምፓ አይቀበሉ። የእርስዎ ፖምፓ ታድሶ ምንም ካልተለወጠ ያንን ወረቀት ይጠይቋቸው።

አዲስ ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የምትወስዱት ከታንክ እስከ ፊልትሮ ያለውን ብቻ ነው። ኮመን ሬይል የሚባሉት ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው የሚልኩት። የጎማችሁ ነፋስ ከሁለትና ሦስት ባር ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱን አስቡት። በአሮጌው ሞተር ላይ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተር ቧንቧ አላልተው የደከመውን ሲሊንደር ይፈልጋሉ። በአዲሱ ላይ ይህን ያደረገ ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ላዩ ላይ የመርፌ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ ውስጡ ግን ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ነገ እናያለን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። እነዚህ መኪናዎች በኮምፒውተር ይታያሉ። ውሃ ደግሞ ከእኛዎቹ ይልቅ እነሱን ቶሎ ይገድላል። ስለዚህ የሃይላንዱ ላስቲክ ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የማደያውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ማደያዎች መሬት ሥር ያለውን ታንካቸውን ውሃ የሚፈትሹበት ቅባት አለ። በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ይቀባል፤ ዘንጉ እስከ ታች ይገባል፤ ውሃ የነካው ቦታ ቀለሙን ይለውጣል። ይህን ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ፊት ቢያደርጉት ምን ይጎድልባቸዋል? እኛ በቴሌብር ከፍለን እንሄዳለን፤ የገዛነውን የምናየው ፊልትሮ ሥር ነው። ቦቴ እያራገፈ ባለበት ሰዓት ደግሞ ባይቀዱ ይመረጣል፤ ከታች የተኛው ደለል ይነሳል። «ለተገኘ ናፍጣ ቦቴው እስኪሄድ ቆዩ ትያለሽ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰልፉ ላይ የምቆመው እኔም ነኝ። እንግዲያው በዚያ ቀን የቀዳ ሰው ማታ ፊልትሮውን ያፍስስ።

በላምባ የተበረዘ ናፍጣም አለ። ሽታው ይለያል፣ ሲዳሰስም ልስላሴ የለውም። የእኛ ፖምፓ ውስጡን የሚያለሰልስለት ሌላ ዘይት የለም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ብረት ከብረት ያፋጫል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ስትገዙ ይህን አስቡ። ግዴታ ሆኖብን እንገዛለን፤ ቢሆንም ከመቅዳታችሁ በፊት በላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ቀድታችሁ ፀሐይ ላይ አሳርፉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ለጋራዦች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። የፈታችሁትን አሳዩን። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ አሳዩን። የተሰነጠቀውን ቱቦ እጃችን ላይ አድርጉልን። ጋሼ ይህን ሳይጠየቅ ነው የሚያደርገው። ለዚህም ነው ከጥዋት እስከ ማታ ሰው ከደጁ የማይጠፋው፤ አዲስ ጋራዥ የከፈቱት ልጆች ደግሞ «ሽማግሌው ደንበኛ ነጠቀን» ይላሉ።

ወንድሜ፣ እንግዲህ በዚህ ሳምንት ክዳኑን ያዳምጡ፣ ላስቲኩን ያቁሙ፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ቱቦ አጠፍ አድርገው ይዩ። ካልተገኘ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። መኪናዎን ደብረ ብርሃን ድረስ ካደረሱት ጋሼ ጋ እወስድዎታለሁ። ቅዳሜ ግን ገበያ ስለሆነ አያገኙኝም።

ከአክብሮት ጋር
ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከደብረ ብርሃን